የዋና አስተማሪው ወረቀት

ማርሽ፦ ሞተር ያለበት ፊቱ ነው አልኩሽ፤ አለቀ።

ተማሪዋ፦ ሹሉስ?

ማርሽ፦ ሹሉ ጅራቱ ነዋ። ሹል ፊት የት አይተሽ ታውቂያለሽ?

ተማሪዋ፦ እንዲያ ከሆነ እስከ ዛሬ ሐይቁ ላይ ያየኋቸው ጀልባዎች ሁሉ የኋሊት ሲሄዱ ነው የኖሩት።

ማርሽ፦ (ጀልባውን አንድ ጊዜ ዞሮ አይቶ) ይሆናል። ዘንድሮ ነጂ የሚባል ጠፍቷል።

ማርሽ ሲወለድ የወጣለት ስም አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ሲወጣ አውቶቡሱን አስረከበ እንጂ ቀኝ እጁን የሚያሳርፈው አላገኘም። ምሳ ላይ ጨው ሲያነሣ እንኳ አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ካላደረገ አይሆንለትም። ቤተሰቡ አይቶ አይቶ ማርሽ አለው። ሚስቱ ደግሞ በስድሳ ሦስት ዓመቷ ደብተርና እርሳስ ይዛ የጎልማሶች ትምህርት ስለገባች ተማሪዋ ተባለች። ስሙን ያወጣላት ማርሽ ራሱ ነው፣ ለቀልድ። እሷ ግን ወደደችውና ቀረ።

ዛሬ ሁለቱ ሐይቁ ዳር ወዳለው የጀልባ መሸጫ ግቢ የመጡት ለጨዋታ አልነበረም። ልጃቸው ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ወደ ሐይቁ ማዶ ቤት ከቀየረች ወዲህ በረንዳው ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ወንበሮች ባዶአቸውን ቀርተዋል። በየብስ ዞሮ መምጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ የሦስት ዓመቱ ልጅ ደግሞ አውቶቡስ ሲያይ ገና ከበሩ ማስመለስ ይጀምረዋል። ማርሽ ለዚህ ሕፃኑን ይቅር ለማለት ብዙ ጊዜ ወስዶበታል። ወንበሮቹን ግን በየጠዋቱ ይወለውላል። ለምን ሲባል እንጨቱ እንዳይበላሽ ነው ይላል።

በመጨረሻ ልጅቷ ተስማማች። ትንሽ የሞተር ጀልባ ግዙና ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሻገሩ፣ የትምህርት ቤቱን ዕረፍትም እናንተው ዘንድ ይክረሙ አለች። ያን ጊዜ፣ የዛሬ ሦስት ወር፣ የምትፈልገውን በእጅ ጽሑፏ ወረቀት ላይ አስፍራ ጠረጴዛ ላይ ትታላቸው ሄደች። ጀልባው ጠርዙ ከፍ ያለ እንዲሆን፣ እንዳይሮጥ፣ ለልጆቹ በልካቸው የመንሳፈፊያ ጃኬት እንዲኖር ትላለች። ከታች ሁለት ጊዜ የተሰመረበት አንድ ቃል አለ፦ «ጀልባውን የሚነዳው ሰው ከዋና አስተማሪ ወረቀት ያምጣ። ያለዚያ ልጆቼ ከመሬት እግራቸውን አያነሡም።»

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማዶ ካለው መውረጃ ልጆቹን ይዛ ትቆማለች። ጀልባውና ወረቀቱ ከመጡ ልጆቹ ይሳፈራሉ። ካልመጡ ዕረፍቱን ያቺኛዋ አያት፣ የአባታቸው እናት ትወስዳቸዋለች። ያቺኛዋ አያት ጓሮዋ ውስጥ ዥዋዥዌ አላት። ማርሽ ዥዋዥዌ የሚለውን ቃል ቤት ውስጥ እንዳይነሣ ከከለከለ ሰንብቷል።

በወረቀቱ በኩል ግን ሐሳብ አልነበረውም። ባነበበው ሳምንት ሄዶ አስጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ፣ በኮቱ የውስጥ ኪስ ከትቶታል። የቀረው ጀልባ መምረጥ ብቻ ነው፤ ለመምረጥ ደግሞ ከእሱ የተሻለ ሰው አያውቅም።

ማርሽ፦ (ወደ አንድ ቀይ ጀልባ እየመራ) ይኸውልሽ። አርባ ፈረስ ጉልበት አለው።

ተማሪዋ፦ አርባ?

ማርሽ፦ አርባ።

ተማሪዋ፦ ልጆቹ እኮ ሁለት ናቸው።

ማርሽ፦ ታዲያ ሁለት ፈረስ ልግዛ?

ተማሪዋ፦ አይደለም፤ አርባውም አንድ ላይ ቢደነብሩ ማን ይይዝልናል ብዬ ነው።

ማርሽ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ከዚች ሴት ጋር ስለ ሞተር ማውራት ለግድግዳ ማውራት ነው ብሎ አሰበ። ቀዩን ጀልባ እየዞረ ይደበድበው ጀመር። ሞተሩን ከፍቶ እጁን ሰደደ፣ አንዱን ሽቦ ሳብ፣ አንዱን ገፋ አደረገ። ተማሪዋ ከኋላው ቆማ ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ትንሽ ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። አንድ ጊዜ አነበበች። ደግማ አነበበች። እንዲህ ስታደርግ ነው የማርሽ ትዕግሥት የሚያልቀው። አንድ ቃል ሁለት ጊዜ የሚያነብ ሰው መቼ መንገድ ይጨርሳል? እሱ ሙሉ ሰሌዳ በሰማንያ ኪሎ ሜትር ፍጥነት እያለፈ አንብቦ የኖረ ሰው ነው።

ተማሪዋ፦ አ-ይ-ነ-ካ-ም።

ማርሽ፦ ጎበዝ። አሁን እንሂድ።

ተማሪዋ፦ ቆይ። ላልቶ ነው ጠብቆ?

ማርሽ፦ ምኑ?

ተማሪዋ፦ ካላላነው ሞተሩ ሰው አይነካም ማለት ነው፣ ጨዋ ሞተር ነው። ካጠበቅነው ግን ሰው እንዳይነካው ማለት ነው። አስተማሪያችን ፊደሉ አንድ ነው፣ ልዩነቱ ያለው አንባቢው አፍ ላይ ነው ብሎናል።

ማርሽ፦ ሀ ሁን ሳትጨርሺ ጠብቆ ላልቶ ገባሽ? ምን ልዩነት አለው?

ተማሪዋ፦ እጅህ ውስጥ ስለሆነ ነው የጠየቅኩህ።

(ማርሽ ቀስ ብሎ እጁን ያወጣል። ጣቶቹን ይቆጥራል።)

የጎልማሶቹ ትምህርት ነገር ማርሽን ብዙ ጊዜ አሳዝኖታል። ሰኞና ረቡዕ ትሄዳለች፤ ቆይታ ማክሰኞና ሐሙስም ጨመረች። ደከም ላሉት ተጨማሪ ክፍል ተከፍቶ መሆን አለበት ብሎ አሰበ፣ ግን እንዳይከፋት አልተናገረም። ማክሰኞና ሐሙስ ስትመለስ ፀጉሯ ርሶ፣ ሻሿ እየተንጠባጠበ ነው። ለጎረቤት ሲያስረዳ በዚህ ዕድሜ ፊደል ጭንቅላትን በላብ ያጠምቃል ይል ነበር። ላቧ ደግሞ በረኪና በረኪና ይሸታል። ያንንም ሰሌዳቸውን በበረኪና እያጠቡት ነው ብሎ ተርጉሞታል። ማርሽ ትርጉም ያጣለት ነገር የለም።

ሻጯ ዘይት የነካው ቱታ የለበሰች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ሁለተኛውን፣ በአየር የሚነፋውን የጎማ ጀልባ አሳየቻቸው። ማርሽ ጎኑን በእግሩ መታ መታ አድርጎ ቅያሪ ጎማው የት እንደሚታሰር ጠየቃት። ቅያሪ የለውም አለችው። ያለ ቅያሪ ጎማ ከግቢ የወጣ ሰው እንዳልሆነ ነገራትና አለፈው። ሻጯ አፏን በእጅጌዋ ሸፈነች።

ሦስተኛው አረንጓዴ ነበር። ሰፊ፣ ሆዱ ዝርግ፣ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ ሞተሩ የልብስ ስፌት መኪና የሚያህል።

ማርሽ፦ ይኼ ገንዳ ነው።

ተማሪዋ፦ (በጉልበቷ ተንበርክካ) እስቲ የሦስት ዓመት ልጅ ልሁን።

ማርሽ፦ ተነሺ፣ ሰው ያየናል።

ተማሪዋ አልተነሣችም። በጉልበቷ እየሄደች ጀልባው ውስጥ ገባች። እጇን በልጅ እጅ ልክ እያሳጠረች ሞተሩ ጋ ይደርስ እንደሆነ ሞከረች፤ በመሃል ሣጥን ስላለ አይደርስም። መቀመጫው ላይ ወጥታ ወደ ውጭ ዘንበል አለች፤ ጠርዙ ብብቷ ላይ ያዛት። መዳፏን በእንጨቱ ላይ አሸች፣ ስንጥር እንዳለው ለማየት። ከዚያ ከቦርሳዋ የሕፃኑን የሱፍ ኮፍያ አወጣች። ውስጡ ጨርቅ ጠቅጥቃበት ልክ የሕፃኑን ራስ አህሏል።

ማርሽ፦ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?

ተማሪዋ፦ የልጁ ጭንቅላት ነው።

ማርሽ፦ (ለሻጯ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ) እየተማረች ነው፣ ታገሽን።

ኮፍያውን በአረንጓዴው ጀልባ መደገፊያ ብረቶች መሃል ገፋችው፤ አልሾለከም። ተመልሳ ሄዳ በቀዩ ጀልባ ብረቶች ገፋችው፤ ሾልኮ ወጣና እየተንከባለለ ማርሽ እግር ሥር ቆመ። ማርሽ ኮፍያውን አየ። የኮፍያው ትንሿ ቁልፍ እንደ ዓይን ሽቅብ ታየዋለች። እጁ ማርሹን ለመቀየር ተነሣና መንገድ ላይ ቀረ። ጎንበስ ብሎ አነሣው፤ አቧራውን አራገፈለት፤ ወዲያው ደግሞ ጭንቅላት አለመሆኑ ትዝ ሲለው ጉሮሮውን ጠረገ።

ማርሽ፦ እኔም ከመጀመሪያው አረንጓዴው ነው ያልኩት።

ሻጯ ይህን ያህል ዓመት ጀልባ ስትሸጥ ሰው ቀለምና ፍጥነት ሲጠይቅ እንጂ ጭንቅላት ይዞ ሲለካ አይታ እንደማታውቅ ተናገረች። ጃኬቶቹን አመጣች። እዚህም ላይ ክርክር ተነሣ። ማርሽ የትምህርት ቤት ሹራብ እንደሚገዛው ሁሉ፣ ለሚያድጉበት ተብሎ በአንድ ቁጥር ከፍ ይበል አለ። ተማሪዋ ሰፊውን ጃኬት ለኮፍያው አልብሳ በትከሻው በኩል ሽቅብ ሳበችው። ጃኬቱ እጇ ላይ ቀረ፤ ኮፍያው ወደቀ። ማርሽ ሁለተኛ ስለ ማደግ አላነሣም። በእግር መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ያላቸው ሁለት ትንንሽ ጃኬቶች ተመረጡ።

ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆነ። ሻጯ አረንጓዴውን ጀልባ ወደ ውሃ አወረደችው። አንዲት ቀይ ገመድ ከሞተሩ እያወጣች ይህቺ በነጂው እጅ ላይ ትታሰራለች፣ ነጂው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ተነቅላ ሞተሩን ታጠፋዋለች አለች። ማርሽ እጁን ዘረጋ።

ሻጯ፦ የሚነዱት እርስዎ ነዎት አባባ? እንግዲያው የዋና ወረቀትዎን ያሳዩኝ። ልጅ ለሚጭን ሰው ያለሱ ጀልባ አልለቅም።

ማርሽ ፈገግ አለ። ሴትዮዋ ቃሉን አላልታ ነው የተናገረችው፤ ጥርሷን አሟት ይሆናል ብሎ አዘነላት። እንዳታፍር በቀስታ ናውን አጥብቆ እየደገመ አረማት፣ ከዚያ ከኮቱ ኪስ ወረቀቱን አወጣ። ዘርግቶም አልሰጣት፤ ራሱ ሊያነብላት ጉሮሮውን አዘጋጀ።

ማርሽ፦ «ለሚመለከተው ሁሉ። እኚህ አባት ለሠላሳ አንድ ዓመታት የትምህርት ቤታችንን ተማሪዎች በአውቶቡስ በሰዓቱ ሲያደርሱ የኖሩ፣ ጠባያቸው የተመሰገነ፣ ድምፃቸው ከፍ ከማለቱ በቀር ነቀፋ የሌለባቸው ስለሆኑ፣ ጀልባ ቢነዱ ትምህርት ቤቱ ተቃውሞ የለውም።» (ወረቀቱን ገልብጦ) ማኅተሙ ሁለት ቦታ ነው።

ሻጯ፦ አባባ፣ እኚህ የፈረሙት ሰው ውሃ ውስጥ አይተውዎታል?

ማርሽ፦ የት?

ሻጯ፦ ውሃ ውስጥ።

ማርሽ፦ ትልቅ ሰው ናቸው እኮ፣ የትምህርት ቤት ኃላፊ ናቸው። ውሃ ውስጥ ምን እንሠራለን?

ሻጯ ወደ ተማሪዋ አየች። ተማሪዋ ከቦርሳዋ የልጇን ወረቀት አወጣች፤ ሦስት ወር ሙሉ ታጥፎ ጠርዙ ሳስቷል። በጣቷ የተሰመረበትን ቃል ይዛ ለባሏ አቀበለችው።

ተማሪዋ፦ ሦስት ወር ሙሉ አጥብቀህ ነው ያነበብከው። እስቲ አንድ ጊዜ አላልተው።

(ማርሽ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ ያነባል። ደግሞ ያነባል። ቀኝ እጁ አየር ላይ የኋላ ማርሽ ያስገባል።)

ማርሽ፦ ውሃ ላይ... እንደ ዓሣ?

ሻጯ፦ እንደ ዓሣ።

ማርሽ፦ የዋና አስተማሪ። የሚዋኘው።

ተማሪዋ፦ የሚያስዋኘው።

ማርሽ የሚደገፍበት ብረት ፈልጎ አገኘና ያዘው። በሕይወቱ ከወገቡ በላይ ውሃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ ገላውን እንኳ በባሊ ነው የሚታጠበው። ሰዓቱን አየ። ሩብ ጉዳይ ለዘጠኝ። ማዶ ላይ ያለው መውረጃ ከዚህ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥኖ ይታያል። አሁን ልጆቹ ጫማቸውን አድርገዋል፤ ትልቋ የታናሽ ወንድሟን እጅ ይዛለች። ያቺኛዋ አያት የዥዋዥዌዋን ሰንሰለት ዘይት እየቀባች ሊሆን ይችላል።

ማርሽ፦ (ድምፁ ወርዶ) እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው። ወንበሮቹን ወደ ውስጥ አስገቢያቸው።

ይህን ሲል ተማሪዋ አልሳቀችም። ስትቀልድበት የኖረችውን ሁሉ ትታ ክንዱን ያዘችው፣ ከዚያ እንደገና እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደች። በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ወረቀት አወጣችና ለሻጯ ሰጠቻት። ከወረቀቱ ጋር ሽታም ወጣ። በረኪና።

ሻጯ፦ (እያነበበች) «እኚህ እናት ማክሰኞና ሐሙስ ለሦስት ወር ሥልጠና ተከታትለዋል። ሃምሳ ሜትር ሳያርፉ ይዋኛሉ። ልጅ ደግፎ ወደ ዳር ማውጣት ተለማምደዋል። በማሠልጠኛው ትንሽ ጀልባም ሞተር መያዝ ችለዋል። የዋና አስተማሪ፣ ፊርማ።»

ማርሽ ሚስቱን ከሻሿ እስከ ጫማዋ አያት። ላቡ፣ በረኪናው፣ ለደካሞች የተከፈተው ክፍል ሁሉ አንድ በአንድ ከፊቱ አለፉ።

ማርሽ፦ ለምን አልነገርሽኝም?

ተማሪዋ፦ ነግሬህ ነበር። ወረቀቱን ያነበብክልኝ ዕለት ላልቶ ቢሆንስ ብልህ፣ መጀመሪያ ሀ ሁን ጨርሺ አልከኝ።

ማርሽ፦ ታዲያ?

ተማሪዋ፦ ታዲያ ሄጄ ልጃችንን ጠየቅኳት። ከዚያ ሀ ሁን ከውሃው ጀመርኩት።

ማርሽ፦ እሱን ማወቅሽ አይደለም የሚገርመኝ። እኔ እዚያ ድረስ ሄጄ ማኅተም ሳስመታ እያየሽ ዝም ማለትሽ።

ተማሪዋ፦ ምን ላድርግ፣ በጣም አምሮብህ ነበር። ኮትህን ተኩሼ የላክሁህ እኮ እኔ ነኝ።

ሻጯ ቀይዋን ገመድ በተማሪዋ እጅ ላይ አሰረች። መያዣውን ወደ ግራ ሲገፉት ጀልባው ወደ ቀኝ እንደሚዞር ነገረቻት። ማርሽ ይህ የፋብሪካ ስህተት ነው፣ ይስተካከል አለ፤ ማንም አልሰማውም። ግቢው ውስጥ ካለው ጃኬት ሁሉ ትልቁ ተፈልጎ ለእሱ ተደረገለት፤ በእግሩ መሃል የሚያልፈውን ማሰሪያ ሲያስሩለት ወደ ሰማይ አየ። መሃል ላይ፣ በሁለቱ ትንንሽ ጃኬቶች መካከል ተቀመጠ። ተማሪዋ ሻጯ ፊት ጀልባውን አንድ ጊዜ አዙራ አሳየች፣ ከዚያ ወደ ማዶ አቀናች። ጀልባው በሹሉ በኩል ሄደ። ማርሽ ይህንንም አየ።

ውሃው መሃል ሲደርሱ መውረጃው ላይ ሦስት ነጥቦች ታዩ፤ ሁለቱ ትንንሽ ናቸው። ከትንንሾቹ አንዷ ትዘል ጀመር። ማርሽ እጁን ሊያነሣላት ፈለገ፤ ግን በሁለቱም እጆቹ ጠርዙን ይዟል። አንዱን አላቀቀ፣ አነሣ፣ ቶሎ መለሰ።

ማርሽ፦ ያዩኛል አሁን። ምን ብዬ ልንገራቸው? እኔ እዚህ ጀልባ ላይ ምንድን ነኝ?

ተማሪዋ፦ አንተማ ዋና ተሳፋሪ ነህ።

ማርሽ፦ (ጠርዙን ጭብጥ አድርጎ) ጠብቆ ነው ላልቶ?

ተማሪዋ፦ ለዛሬ ጠብቆ። ከማክሰኞ ጀምሮ ላልቶ ነው፤ አስመዝግቤሃለሁ።